ጥላ የክቡር ትሪቡን ብቻ አይሁን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ሰሞኑን ስለ አዳዲስ ስታዲየሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከጽሑፉ ጋር የታተመው ሥዕል ከሰማይ የታየ ነው፤ ክብ ጣራ፣ በዙሪያው ዛፍ፣ በመሐሉ አረንጓዴ ሜዳ። ያምራል። እኔ ግን 31 ዓመት ሙሉ የሕንፃ ንድፍ ስስል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና ዓይኔ የሚፈልገው ሌላ ሥዕል ነው፤ ሕንፃው እንደ ድፎ ዳቦ ከላይ እስከ ታች ተቆርሶ ውስጡ የሚታይበትን፣ በሙያችን “ሴክሽን” የምንለውን። ሰው የሚቀመጥበት ደረጃ ስፋቱ ስንት ነው? ከፊት ያለው ሰው ራስ የት ይደርሳል? ጣራው እስከ የትኛው መደዳ ይሸፍናል? መጸዳጃ ቤቱ ከመቀመጫው ስንት እርምጃ ይርቃል? ከእነዚህ አንዱም አልተነሣም። ስታዲየምን ከሰማይ ሆኖ የሚያየው ሰው የለም፤ ሁላችንም የምናየው ከመቀመጫችን ነው።

የተወለድኩት ፍልውሃ አካባቢ ነው፤ ዛሬም የምኖረው እዚያው ነው። ጨዋታ ባለበት ቀን የአዲስ አበባ ስታዲየም ጩኸት ግቢያችን ድረስ ይሰማ ነበር። እናቴ ምስር እየለቀመች ጩኸቱን ብቻ ሰምታ “ገባ” ወይም “ሳቱት” ትል ነበር፤ ብዙ ጊዜም አትሳሳትም። አባቴ ዘንድሮ 84 ዓመታቸው ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ስታዲየሙ ውስጥ ነበሩ። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አልቆ ተጨማሪ ሰዓት ሲሰጥ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ሲያገቡ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል በዓይናቸው አይተዋል። ይህን ባወሩ ቁጥር መጨረሻ ላይ የሚያክሏት አንዲት ነገር አለች፤ “ፊቴ በፀሐይ ተልጦ ሳምንት ሙሉ ሲያሳክከኝ ሰነበተ” ይላሉ።

የምጽፍላችሁ ስለዚህች ፀሐይ ነው።

የስታዲየማችንን ክፍሎች ስም የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የክብር እንግዶች የሚቀመጡበት ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ። እነዚህን ስሞች እወዳቸዋለሁ፤ ሕዝብ ያወጣቸው ስሞች ናቸው። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ ስሙን ያገኘው ከጥላ ነው። ጥላ ማለት ለብቻው ስም የሚወጣለት፣ በትኬት የሚሸጥ ነገር ነበር ማለት ነው። እኔና አባቴ የምንገባው ሚስማር ተራ ነበር። አባቴ ከሥራ ቦታቸው የቆየ ጋዜጣ ይዘው ይመጣሉ፤ ገና ሳንቀመጥ አንዱን ገጽ በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ማዕዘኑን አጥፈው፣ ገልብጠው፣ ጠርዙን ወደ ላይ መልሰው ቆብ ሠርተው ራሴ ላይ ያኖሩልኛል። የቀረውን ሲሚንቶው ላይ ያነጥፉልኛል፤ “ከላይ ምች ከታች ብርድ እንዳይመታሽ” እያሉ። እጥፉን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ለልጅ ልጄ አስተምሬያታለሁ። እሷ ግን የሚያስፈልጋት የጋዜጣ ቆብ ሳይሆን ጣራ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይዋ የማትጎዳ ትመስላለች፤ ዳሩ ግን ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነውና ጨረሩ ይበረታል። እየበረደው ቆዳው የሚቃጠል ተመልካች ያለው እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ነው። ሌላም ነገር አለ። ከተማችን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ቀትር ላይ የምትገኘው ወደ ሰሜን አዘንብላ ነው። ከሩቅ የሰሜን አገር የመጣ ነዳፊ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት ብሎ የለመደ ነው። በዚያ ልማዱ ጣራውን ቢነድፍልን የሊጉ ወሳኝ ጨዋታዎች በሚደረጉበት በግንቦትና በሰኔ ጥላው የሚወድቀው ሰው በሌለበት ነው። ይህን ለማወቅ ትልቅ ጥናት አያስፈልግም፤ አንድ ዘንግ መሬት ላይ ተክሎ ዓመቱን ሙሉ ጥላዋን መከታተል ይበቃል።

ሜዳው ርዝመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ እንዲሆን የሚደረገው ግብ ጠባቂዎች ከፀሐይ ጋር ፊት ለፊት እንዳይጋጠሙ ነው። ጥሩ ነው፤ ዋጋውን ግን በምሥራቅ በኩል የተቀመጠው ተመልካች ይከፍላል። ከአሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ስትል ጣራ ቢኖርም ከጣራው ሥር ገብታ ዓይኑን ትመታዋለች። አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ ትኬት የሚሸጠው በዚያ በኩል ነው። መፍትሔው ብዙ ነው፤ በምዕራብ በኩል ያለውን ጣራ ከፍ ማድረግ፣ ከኋላው ያለውን ክፍተት መዝጋት፣ መብራቱን አሟልቶ ጨዋታውን ማምሻውን ማስጀመር። ብቻ ነገሩ ከመጀመሪያው የንድፍ ወረቀት ላይ ይታሰብ። ስታዲየሙ ከቆመ በኋላ የሚጨመር ጥላ ላስቲክ ወይም ሸራ ነው፤ የመጀመሪያው ወጨፎ ይዞት ይሄዳል።

ዝናቡም እንደዚያው ነው። የእኛ ዝናብ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ በነፋስ ተገፍቶ በሰያፍ ይመጣል፣ አንዳንዴም በረዶ ቀላቅሎ። ስለዚህ የጣራው ጫፍ ከመጀመሪያው መደዳ በላይ ቢያበቃ የፊተኞቹ አሥር መደዳዎች መበስበሳቸው አይቀርም። ወደ ሜዳው አልፎ መውጣት አለበት። ሣሩ ፀሐይ ያጣል የሚል ሥጋት ካለ ወደ ሜዳ የሚወጣው ጫፍ ብርሃን በሚያሳልፍ ነገር ይሠራ። ከጣራው የሚወርደው ውሃ ደግሞ ወደ ቦይ አይፍሰስ። አዲስ አበባ በዓመት ከአንድ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አንድ ካሬ ሜትር ጣራ በዓመት ከ1 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ይቀበላል ማለት ነው። የ20 ሺህ ካሬ ሜትር ጣራ የሚሰበስበው ውሃ ከ20 ሚሊዮን ሊትር ያልፋል። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ ይህ ለመጸዳጃ ቤቱና ለሣሩ ትልቅ ሀብት ነው።

አሁን ወደ መቀመጫው ልምጣ። ጨዋታው 90 ደቂቃ ነው፤ የእኛ ተመልካች ግን 90 ደቂቃ አይደለም የሚቀመጠው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት ቀን ከወንድ ልጄ ጋር ነበርኩ። ከቤት የወጣነው ወፍ ሲንጫጫ ነው፤ እኛ ስንደርስ ሌሊቱን እዚያው ያደረ ሰልፈኛ ነበር። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ሲያገቡ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቃቅፌ አለቀስኩ። ያ ቀን በሕይወቴ ካየኋቸው ደስታዎች አንዱ ነው። ትልቅ ጨዋታ ሲኖር የኢትዮጵያ ደጋፊ ሰባት ስምንት ሰዓት መቀመጫው ላይ ይውላል፤ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ የያዘውን ቆሎ ተካፍሎ ይበላል፣ ያንቀላፋል። ለሁለት ሰዓት የሚበቃ ወንበር ለእኛ አይበቃም።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ግቢዬ ውስጥ አንድ ነገር ሞከርኩ። ከዕድራችን ስምንት የፕላስቲክ ወንበር ተዋስኩና ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ አስምሬ በሁለት መደዳ ደረደርኳቸው። መጀመሪያ ከፊተኛው ወንበር ጀርባ እስከ ኋለኛው ወንበር ጀርባ 70 ሴንቲ ሜትር አደረግሁት። ጎረቤቶቼን አስቀመጥኩና በኋለኛው መደዳ መሐል ላይ ያሉትን እናት “እስቲ ውሃ ጠጥተው ይመለሱ” አልኳቸው። ሲነሡ ከጎናቸው ያሉት ሁለቱም መነሣት ነበረባቸው፤ አንዱ ሲነሣ ጉልበቱ የፊተኛውን ወንበር ገፋው፤ ፊት የተቀመጠችው ልጅ ሻይዋ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ቀጥዬ መስመሩን አጥፍቼ 80 ሴንቲ ሜትር አደረግሁት። እኚያው እናት እንደገና ተነሡ። ጎረቤቶቻቸው ጉልበታቸውን ወደ ጎን መለስ አደረጉ፤ እሳቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው “ይቅርታ” እያሉ አለፉ፤ ማንም አልተነሣም። ልዩነቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የአንድ መዳፍ ስፋት።

ይህቺ መዳፍ ነፃ እንዳልሆነች አውቃለሁ። በ70 ሴንቲ ሜትር 40 መደዳ የሚይዝ ቦታ በ80 የሚይዘው 35 መደዳ ነው። አምስት መደዳ ሙሉ ትኬት ይቀራል። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሁልጊዜም የሚረታው ቁጥሩ ነው። ስታዲየሙ ሲመረቅ “ይህን ያህል ሺህ ሰው ይይዛል” የሚለው ቁጥር ይነበባል፤ ስንት ሰው ተመችቶት እንደሚቀመጥ የሚያነብ ግን አይገኝም። ቁጥሩን ቀንሱልን። መደገፊያ የሌለው ወንበርም አይምጣብን፤ ዓለም አቀፉ መመሪያ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደገፊያ ያዛል፤ ስምንት ሰዓት ለሚቀመጥ ወገብ ይህ ትንሹ ነው።

ስለ እይታ በአጭሩ ልበል። ነዳፊዎች ከተመልካቹ ዓይን ተነሥቶ ቅርብ ወዳለው የሜዳ መስመር የሚሄደው እይታ ከፊቱ ካለው ሰው ዓይን በላይ በስንት እንደሚያልፍ ይለካሉ። 12 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው፣ 9 ያስኬዳል፣ 6 ከሆነ በሁለት ራሶች መካከል አንገትን እያሰገጉ ማየት ነው። ይህ ልኬት የተሠራው ራሱ ባዶ ለሆነ ሰው ነው። የእኛ ሰው ግን ኮፍያ ያደርጋል፣ ሻሽ ያስራል፣ ነጠላ ይከናነባል፣ ባንዲራ ይጠመጥማል። ስለዚህ ከ12 በታች እንዳይወርድ እለምናለሁ። ደግሞም ስታዲየሙ ለእግር ኳስ ብቻ የሚሠራ ከሆነ የመሮጫ መም በመካከሉ አይግባ። የሯጮች አገር ልጅ ሆኜ ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ በ2000 ዓ.ም. የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና እዚሁ ስታዲየም ሲካሄድ የተቀመጥኩበትን ቦታ ዛሬም አሳያችኋለሁ። ግን ስምንት መም ያለው መሮጫ ስፋቱ ብቻውን ወደ አሥር ሜትር ይጠጋል፤ ተመልካቹንም ያን ያህል ከሜዳው ያርቀዋል፤ ከግቡ ጀርባ ያለው ርቀት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ለሩጫው ለብቻው የተሠራ ሜዳ ይገባዋል።

ቀጥሎ የምጽፈውን ሴቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ወንዶች ግን ቢሰሙት ደስ ይለኛል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሜዳ ከዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄ ጋር ገባሁ። ከቤት ስንወጣ “ውሃ ብዙ አትጠጪ” አልኳት፤ እናቴም እኔን እንዲሁ ትለኝ ነበርና ቃሉ ከአፌ ሳላስበው ወጣ። ሆኖም ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር አልቻለችም። ተያይዘን ወረድን። ለሴቶች የተሠራው ክፍል ሁለት በር ብቻ ነበረው፤ የአንዱ መቀርቀሪያ ወልቋል፤ ሰልፉ እስከ ደረጃው ነው። ተራችን ሊደርስ አራት ሰው ሲቀረን ከላይ ሲሚንቶው እስኪንቀጠቀጥ ጩኸት ተነሣ። ልጅቷ ቀና ብላ “ማን አገባ?” አለችኝ። ሰልፉ ላይ ካለነው አሥራ አንድ ሴቶች የሚያውቅ አልነበረም። በሩን ከውጭ በእጄ ይዤላት ተጠቀመች፤ እጇን የምትታጠብበት ውሃ ስላልነበረ በያዝነው የላስቲክ ጠርሙስ አስታጠብኳት። ስንመለስ ቦታችን ተይዟል። ከዚያ ወዲህ ኳስ እንሂድ ስላት “ቴሌቪዥን ላይ እንየው” ትለኛለች።

አንድ ነዳፊ ሴቶች ጥቂት ናቸው የሚመጡት ብሎ ጥቂት በር ሠርቶላቸዋል፤ ሴቶቹም ጥቂት በር ስላለ አይመጡም። አንዲት ሴት ከወንድ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልጋታልና በሮቹ ከወንዶቹ እኩል ሳይሆን ከዚያ በላይ መሆን አለባቸው። ቦርሳና ነጠላ የሚሰቀልበት ማንጠልጠያ፣ የሚዘጋ መቀርቀሪያ፣ የማይጠፋ መብራት፣ እናት ልጇን የምታጠባበት ጥግ። ከሰልፉ ሜዳው ባይታይ እንኳ ጨዋታውን በድምፅ የሚያስተላልፍ አንድ ድምፅ ማጉያ ግድግዳው ላይ ቢሰቀል ስንት ዋጋ ያስወጣል?

ስለ መውጫ በሮች ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። እ.ኤ.አ. በ2001 አክራ ውስጥ ከ120 በላይ ሰው በአንድ ምሽት ያለቀው ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ ተኩሶ ሕዝቡ ሲሸሽ በሮች ተቆልፈው ስላገኛቸው ነው። በጥር 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ የመጡ ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ ነበር። የተለመደው መመዘኛ ሁሉም ተመልካች ከተቀመጠበት ተነሥቶ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ወደ ነፃ መተላለፊያ እንዲደርስ ነው። እኛ ዘንድ በር ሲቆለፍ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ትኬት የሌለው ሰው እንዳይገባ። ስለዚህ ነዳፊው ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ግን በአንድ ግፊት የሚከፈት በር ይንደፍልን። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ መሆኑ ይቅር። ትኬት የሚሸጥበት መስኮትና የሚገባበት በርም ይራራቁ፤ የሚገዛውና የሚገባው ሰው ሲደባለቅ ነው ዱላ የሚመዘዘው።

አባቴ ሚያዝያ ላይ “አንድ ጊዜ ብቻ ስታዲየም ገብቼ ልይ” አሉኝ። ምርኩዝ ይይዛሉ። ዐይኔን ጨፍኜ መንገዳቸውን አሰብኩት። መውጣቱን ይችሉታል፤ ቀስ ይላሉ እንጂ። ችግሩ መውረዱ ነው። ከመደዳ ወደ መደዳ የሚያስወርደው ደረጃ መሐሉ ላይ የሚያዝ ብረት ከሌለው አዛውንት ሰው የሚይዘው የማያውቀውን ሰው ትከሻ ነው። ያ ብረት በየመተላለፊያው ይግባ፤ ከፍታው ግን ከኋላው የተቀመጠ ሕፃን ዓይን ላይ እንዳያርፍ ይታሰብበት። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው ቦታ ደግሞ ከሜዳው ጥግ መሬት ላይ አይሁን፤ ጎል ሲገባ ፊቱ ያለው ሁሉ ይቆማልና እሱ ጎሉን አያይም። ከፊቱ የቆመ ሰው ራስ በላይ የሚያይበት ከፍታ ላይ ይሠራለት፤ አጠገቡም አብሮት የመጣው ወንድሙ የሚቀመጥበት ወንበር ይኑር።

ስለ ቦታው ብዙ አልልም። ባቡሩ ከስታዲየማችን ደጃፍ ይቆማል፤ ከለገሃርም ከመስቀል አደባባይም በእግር ይደረሳል። ወደፊት የሚሠሩትም እንዲሁ ባቡርና የእግረኛ መንገድ ባለበት ይሁኑ።

አደይ አበባ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ታቅዶ ሥራው በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። በየክልሉም ሌሎች አሉ። እስከዚያው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሜዳዎቻችንን ከዓለም አቀፍ ጨዋታ በማገዱ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ኖሯል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ጨዋታው የተደረገው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ውስጥ ነው። አባቴ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው አዩት። ጨዋታው ሲያልቅ ተነሥተው ወደ ስታዲየሙ አቅጣጫ ያለውን መስኮት ከፈቱ። ዝም ብሏል። ቆም ብለው አዳመጡና መልሰው ዘጉት።

ጠመኔው ገና አልለቀቀም፤ 80 ሴንቲ ሜትሩ ግቢዬ ውስጥ ተሰምሮ አለ። ወንበሮቹንም ዕድሩ እስኪፈልጋቸው አልመለስኳቸውም። ከነዳፊዎቹ አንዱ ሜትሩን ይዞ ሊመጣ ቢፈልግ አድራሻዬ ዝግጅት ክፍላችሁ ዘንድ ይገኛል፤ አባቴም ከፊተኛው መደዳ ተቀምጠው ይጠብቁታል።

ከአክብሮት ጋር

ጡረታ የወጣች የሕንፃ ንድፍ ሠራተኛ
ፍልውሃ፣ አዲስ አበባ